«ዲስከቨሪ» ላይ ለመፍረድ አንቸኩል



በዚህ ገጽ ስለ ቴሌቪዥን ድራማ መጻፌ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ እኛ ባንጽፍበትም ልጆቻችን ያዩታል። እኔ በምኖርበት በኮተቤ፣ ከካራ እስከ ላምበረት ባለው ሠፈር ሁሉ፣ አንድ ወጣት የአንድን ተከታታይ ድራማ ሙሉ ምዕራፍ በፍላሽ ወይም በስልኩ ይዞ ቤቱ ይገባል፤ በሩን ዘጋ አድርጎም በሁለት ሌሊት ይጨርሰዋል። አባትና እናት የድራማውን ስም እንኳ አያውቁም። «ያ ነገር ደግ ነው ወይስ ክፉ?» ተብለው ቢጠየቁ ምን ይመልሳሉ? ብዙ ጊዜ የሚመልሱት ከሌላ ሰው የሰሙትን ነው። ዛሬ የማወጋችሁም እንዲህ በተሰማ ወሬ ብዙ ስለተፈረደበት አንድ ድራማ ነው፤ «ስታር ትሬክ፦ ዲስከቨሪ» ይባላል።

ለማታውቁት ጥቂት ልበል። «ስታር ትሬክ» በአሜሪካ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። የፈጠረው ጂን ሮደንቤሪ የተባለ ደራሲ ነው። የሰው ልጅ ከጥቂት መቶ ዓመታት በኋላ እርስ በርስ መዋጋቱን ትቶ፣ ከሌሎች ዓለማት ፍጡራን ጋር «ፌዴሬሽን» የሚባል ኅብረት መሥርቶ፣ በጠፈር መርከብ እየተዘዋወረ ያልታወቀውን ሲመረምር የሚያሳይ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። የመጀመሪያው ድራማ 79 ክፍል ታይቶ በ1969 ቢቋረጥም ስሙ አልሞተም፤ ልጅ ወለደ፣ የልጅ ልጅም አየ። ዛሬ በዚህ ስም የተሠሩት ድራማዎችና ፊልሞች አንድ ትልቅ ቤተሰብ ሆነዋል፤ እንደ ማንኛውም ትልቅ ቤተሰብም የሚወደድ ልጅ አለው፣ የሚታማም ልጅ አለው።

ይህ ቤተሰብ ለእኛ ጆሮ ፍጹም ባዕድ አይደለም። በመጀመሪያው ድራማ የመርከቧ የመገናኛ ኃላፊ የነበረችው ጥቁር መኮንን ኡሁራ ትባላለች፤ ስሟ የመጣው ነፃነት ማለት ከሆነው «ኡሁሩ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል ሲሆን፣ ስዋሂሊም ሥሩን የወሰደው ከዐረብኛው «ሑር» ነው። መርከቦቹ የሚሄዱባቸው ሪጀል፣ ደነብና አልታይር የሚባሉት ከዋክብትም በእውን ሰማይ ላይ ያሉ ናቸው፤ ስማቸው ዐረብኛ ነው፦ እግር፣ ጅራትና በራሪ ማለት ነው። በ1987 በጀመረው «ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» ደግሞ የመርከቧ ዋና መሐንዲስ ጆርዲ ላ ፎርጅ በታሪኩ ውስጥ የተወለደው በሞቃዲሾ ነው። በ1996 ያኔ ልዑል የነበሩት የዮርዳኖሱ ንጉሥ ዐብዱላህ 2ኛ «ቮያጀር» በተባለው ድራማ አንድ ክፍል ላይ ቃል ሳይናገሩ ለአፍታ ታይተዋል። (ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፤ መጀመሪያ አያምኗችሁም።)

ወደ ጉዳያችን የሚያስገባን ግን በ1993 የጀመረው «ዲፕ ስፔስ ናይን» ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት መርከብ ይጓዛል፤ በዚህኛው ሰዎቹ የሚኖሩት ባለበት በቆመ የጠፈር ጣቢያ ላይ ነው። ቂም ያላቸው ሕዝቦች ተጎራብተው ይኖራሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ኋላም ረጅም ጦርነት ይመጣል። ከቀድሞ ወዳጆች ብዙዎቹ «ይህ ስታር ትሬክ አይደለም» አሉ። የትም የማይሄድ የጠፈር ድራማ ምን ይፈይዳል እያሉ የቀለዱም ነበሩ። ድራማው ሰባት ምዕራፍ ታይቶ በ1999 አለቀ። ዛሬ ከቤተሰቡ ሁሉ ምርጡ እሱ ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። የዚያ ጣቢያ ሐኪም ዶክተር ጁሊያን በሺር ይባላል፤ የተጫወተውም በጎረቤታችን በሱዳን የተወለደው ሲዲግ አል-ፋዲል ነው፤ ኋላ በመድረክ ስሙ አሌክሳንደር ሲዲግ ተባለ።

እንግዲህ ይህ ቤተሰብ አዲስ የተወለደን ልጅ መጀመሪያ ማማት፣ ቆይቶ ማቀፍ ልማዱ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ግን «ስለዚህ የታማ ሁሉ መልካም ነው» ማለት አይቻልም። እያንዳንዱ በራሱ መታየት አለበት።

«ዲስከቨሪ» በ2017 ሲጀመር ከቀደመው ድራማ መቋረጥ 12 ዓመት አልፎት ነበር። ናፍቆ የቆየ ሰው የሚጠብቀው የተለያትን ነገር ነው፤ የመጣው ግን ሌላ ነበር። ክሊንጎን የሚባሉት የታወቁ ጦረኞች መልካቸው ተለውጦ፣ ራሳቸው ተላጭቶ መጡ። ታሪኩ የሚካሄደው ከመጀመሪያው ድራማ ዐሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ሆኖ ሳለ ዕቃው ሁሉ ከዚያ የዘመነ ሆነ። ሁሉም የሚያውቀው ስፖክ ማንም ሰምቷት የማያውቅ የማደጎ እህት ተገኘችለት። ድራማውን ካቋቋሙት አንዱ ብራያን ፉለርም ገና ሳይታይ በ2016 ትቶት ሄደ። በዚህ ሁሉ ላይ ዋናዋ ባለታሪክ ካፒቴን አይደለችም፤ እስረኛ ናት። ከጩኸቱ ውስጥ ጥቁር ሴት ግንባር ቀደም መሆኗ ብቻ ያንገበገባቸው ሰዎች ድምፅ እንደነበረበት አይካድም። ቅሬታውን ሁሉ ለእነዚያ መስጠት ግን ፍትሕ አይሆንም፤ ብዙው ቅሬታ ከፍቅር የመጣ ነበር።

አሁን ታሪኩን ከሥሩ እንየው። ማይክል በርናም (ስሙ የወንድ ነው፣ እሷ ግን ሴት ናት፤ የምትጫወታት ሶነኳ ማርቲን-ግሪን ናት) በልጅነቷ ክሊንጎኖች ባደረሱት ጥቃት ከወላጆቿ ትለያለች። የሚያሳድጓት ስሜትን መግታት ትልቁ ሥርዓታቸው የሆነ ቫልካን የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው። አድጋ በካፒቴን ጆርጁ መርከብ ላይ ምክትል ትሆናለች፤ ካፒቴኗም እንደ እናት ትሆንላታለች። አንድ ቀን ክሊንጎኖች ድንበር ላይ ይታያሉ። በርናም ቀድመን ካልተኮስን አያከብሩንም ትላለች። ካፒቴኗ እኛ ቀድመን አንተኩስም ብላ ትቆርጣለች። በርናም ታዲያ ምን ታደርጋለች? አዛዥዋን አንገቷ ላይ ይዛ ራሷን እንድትስት ታደርጋለች፤ ሌሎቹንም ተኩሱ ብላ ታዛለች። ሳይሳካላት ትያዛለች። ጦርነቱ አልቀረም፤ ከ8,000 በላይ ሰው ያልቃል፣ ካፒቴኗም ትገደላለች። በርናም የዕድሜ ልክ እስራት ይፈረድባታል።

ብዙ ሰው ድራማውን ጥሎ የሄደው እዚህ አካባቢ ነው። አስቸጋሪ መግቢያ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በቀደሙት ድራማዎች ባለታሪኩ ቢሳሳት በአብዛኛው በዚያው ክፍል መጨረሻ ይታረማል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ማንም አያነሣውም። እዚህ ግን አይረሳም። በርናም ወደ አዲሷ መርከብ ስትመጣ የሰው ዓይን ይከተላታል። የቀድሞ ባልደረባዋ ሳሩ ፊት ለፊት ይነግራታል፤ እሷ የራሷን ካፒቴን ከጠበቀችው እሱ የራሱን በተሻለ እንደሚጠብቅ። እሷም ሰበብ አትደረድርም። ሥራዋን ትሠራለች።

በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጦርነቱን እየተሸነፉ ያሉት የፌዴሬሽኑ አዛዦች የክሊንጎኖችን ዋና ዓለም ከነሕዝቡ ለማጥፋት ይስማማሉ። ያኔ ለመተኮስ ብላ አዛዥዋን የጣለችው ሴት አሁን እንዳይተኮስ ብላ በአዛዦቿ ፊት ትቆማለች። ይህን ለማየት ግን 15 ክፍል መታገሥ ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ላይ የተነሣ ሰው በርናምን ከእነ ወንጀሏ ትቷት ሄዷል። ካፒቴን የምትሆነውም በሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ፣ በ42ኛው ክፍል ላይ ነው። በእኔ ግምት የድራማው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ዝግታ ነው። በእኛ ቤት ልጅ አንድ ጥፋት ሲያጠፋ ከሁለት አንዱን እናደርጋለን፤ ወይ ስሙ እስኪረሳ ድረስ «ያ ሌባ» እንለዋለን፣ ወይ ሽማግሌ ገብቶ ጉልበት ተስሞ ነገሩ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅሙ መንገድ፣ ማለትም የተሰበረ እምነት በየዕለቱ በሥራ የሚጠገንበት መንገድ፣ ወሬ አይሆንም፤ ስለዚህ አናወራውም። ድራማው የሚያወራው እሱን ነው።

ሦስተኛው ምዕራፍ ይህንኑ ጥያቄ ከአንዲት ሴት አንሥቶ ወደ ሀገር ይወስደዋል። መርከቧ 930 ዓመት ወደፊት ትዘላለች። እዚያ ስትደርስ ፌዴሬሽኑ ከመፍረስ አፋፍ ላይ ነው። መርከቦችን የሚያንቀሳቅሰው ዳይሊቲየም የተባለ ማዕድን ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በአንዲት ቅጽበት ከሽፎ፣ በዚያች ሰዓት በጉዞ ላይ የነበሩት መርከቦች ፈንድተዋል። መንገድ ተዘጋ፤ ዓለማቱ ተራራቁ፤ ጥርጣሬ ነገሠ። ከ350 በላይ የነበሩት አባላት 38 ቀሩ። ውድ አንባቢያን፣ ፌዴሬሽን የሚለው ቃል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከመጽሐፍ የምናውቀው ቃል አይደለም። ይህን ምዕራፍ እዚህ ሀገር ተቀምጦ የሚያይ ሰው አሜሪካዊው ተመልካች ያላየውን ያያል ብዬ አምናለሁ።

በዚያ ምዕራፍ የመጀመሪያ ክፍል ሳሒል የሚባል ሰው አለ፤ የሚጫወተው ሕንዳዊው ዐዲል ሑሴን ነው። (ሳሒል በዐረብኛ የባሕር ዳርቻ ነው፤ ለብቻው ዳር ላይ ለቀረ ሰው የተስማማ ስም።) አባቱና አያቱ የፌዴሬሽኑ መኮንኖች ነበሩ። እሱ ግን ቃለ መሐላ የሚያስገባው ሰው ስላልነበረ መኮንን አልሆነም። ቢሆንም 40 ዓመት ሙሉ ጠዋት ተነሥቶ፣ ልብሱን አስተካክሎ፣ ማንም በማይመጣበት ጣቢያ ከጠረጴዛው ኋላ ይቀመጣል። የኅብረቱ ሰንደቅ ዓላማ ታጥፎ በእጁ አለ፤ አይሰቅለውም፤ ምክንያቱም መስቀል የሚፈቀደው ለመኮንን ብቻ ነው። በርናም ስትመጣ ሹመቱን ትሰጠዋለች፤ ሰንደቁንም አብረው ይሰቅሉታል። ደመወዝ የለም፣ አለቃ የለም፣ ተመልካች የለም፤ አደራ ግን አለ። በዚህ ድራማ ላይ ከተጻፈው ነቀፋ ውስጥ ይህችን ትዕይንት ያነሣ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ሦስተኛው ክፍል ላይ መርከቧ ወደ መሬት ትመለሳለች። መሬት ከኅብረቱ ወጥታ፣ አጥሯን አጥብቃ፣ የመጣውን ሁሉ በመድፍ የምትቀበል ሆናለች። በየጊዜው የሚዘርፏት ሽፍቶች አሉ፤ መሪያቸው አስፈሪ ጭንብል ያደርጋል። በርናም ጭንብሉ ወልቆ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት እንዲቀመጡ ታደርጋለች። ከጭንብሉ ሥር ያለው ሰው ነው፤ የዚያችው የመሬት ልጅ ነው። ወገኖቹ ታይታን በተባለችው የሳተርን ጨረቃ ላይ ሠፍረው ይኖሩ ነበር፤ አደጋ ደርሶባቸው ርዳታ ቢጠይቁ እንደ ጠላት ተቆጠሩ። ከዚያ ወዲያ እየዘረፉ መኖር ጀመሩ። ከዚህ በላይ አልልም፤ እያንዳንዳችሁ የየሠፈራችሁን ታሪክ ታውቃላችሁ።

በዚህ ምዕራፍ ላይ የወረደው ትልቁ ፌዝ የዚያ ሁሉ ፍንዳታ መንሥኤ ሲታወቅ የመጣ ነው። ነገሩ የጦር መሣሪያ አልነበረም፤ ሱካል የሚባል ሕፃን ነው። በዳይሊቲየም በተሞላ ዓለም ላይ በተሰበረ መርከብ ውስጥ ተወልዶ እናቱ ዓይኑ እያየ ስትሞት የጮኸው ጩኸት ከማዕድኑ ጋር ተስማምቶ ዓለምን አናወጠ ይላል ድራማው። ሰው ሳቀ። በሳይንስ በኩል እኔም አልከላከልለትም፤ ይህ ሳይንስ አይደለም፣ ምሳሌ ነው። ምሳሌነቱ ግን ከባድ ነው። ጥፋተኛ ፍለጋ የሄዱት ሰዎች ያገኙት ከመቶ ዓመት በላይ በፍርሃት የኖረ የሙት ልጅ ነው። ፍርድ ቤት አያቀርቡት ነገር፤ ዝም አይሉት ነገር፣ እንደገና ከጮኸ ሁሉም ያልቃል። የወገኑ ልጅ የሆነው ሳሩ አብሮት ይቀራል፤ ከፍርሃቱ ጋር ፊት ለፊት እንዲገናኝም በትዕግሥት ይረዳዋል። ወላጅ የሆነ ሰው ይህን እያየ መሳቅ ይችላል?

አራተኛው ምዕራፍ ወደ መጀመሪያዋ ቀን ጥያቄ ይመልሰናል። አንድ የማይታወቅ ነገር ዓለማትን እየዋጠ ይጠፋል። በርናም የምትወደው ሰው ቡክ ዘመዶቹንና ዓለሙን በሙሉ በዚህ ነገር ያጣል፤ መምታት አለብን ይላል። በርናም ደግሞ ላኪው ማን እንደሆነ ሳናውቅ አንመታም፣ እናነጋግር ትላለች። በመጀመሪያው ክፍል ተኩሱ ባይዋ እሷ ነበረች፤ አሁን በዚያ ቦታ የቆመው የምትወደው ሰው ነው፣ ሐዘኑም እውነተኛ ሐዘን ነው። ጸሐፊዎቹ ቡክን ጅል አላደረጉትም፤ ይህ ያስመሰግናቸዋል። ላኪዎቹ ተገኝተው ሲታዩ አፍና ጆሮ የላቸውም፤ የሚነጋገሩት በኬሚካልና በብርሃን ነው። ቃላቸው እስኪፈታ ድረስ ያለው ድካም የምዕራፉ ምርጥ ክፍል ነው። ሌሎችን እየጎዱ መሆናቸውን አያውቁም ነበር። ሲነገራቸው ይተዋሉ።

ጉድለቱንስ? አለበት፣ ብዙም አለበት። መርከቧ ልትፈነዳ ደቂቃዎች ሲቀሯት ሁለት ሰዎች ቆመው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ በሹክሹክታ የልባቸውን ይጫወታሉ፤ አንድ ጊዜ ያምራል፣ ዐሥረኛው ላይ ይሰለቻል። በየምዕራፉ ሊጠፋ የሚደርሰው መላው ዓለም ነው፤ አንዲት መንደር ብቻ ብትጠፋ በቂ አልነበረም? ድራማው በ2024 ሲያልቅ 65 ክፍል ሆኖታል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ከተቀመጡት መኮንኖች የአንዳንዶቹን ጠባይ አላወቅንም። የመጨረሻው ምዕራፍ ሀብት ፍለጋ ነው፤ ብታዩትም ባታዩትም አይጎዳችሁም።

በተለይ ወላጆች አስቀድማችሁ እንድታውቁት የሚገባ ነገር አለ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ደምና ሥቃይ ይበዛበታል፤ ዕርቃንም ይታይበታል። በትዳር አምሳል አብረው የሚኖሩ ሁለት ወንዶች ከዋና ባለታሪኮቹ መካከል ናቸው፤ ይህም እኛ በቤታችን የምናስተምረው አይደለም። ስለዚህ ለታዳጊ ሕፃናት አይሆንም፤ ለጎረመሱት ደግሞ አብሯችሁ ቢታይ ይሻላል። «በቃ ይከልከላ!» የሚለኝ አይጠፋም። የከለከላችሁት ልጅ ግን ያየዋል፤ የሚቀርበት የእናንተ አስተያየት ብቻ ነው።

«ለመሆኑ ይህ የጠፈር ተረት ለእኛ ልጆች ምን ያደርግላቸዋል?» ለምትሉም መልሱ ቅርብ ነው። ከኮተቤ ቀና ስንል በሚታየን የእንጦጦ ሰንሰለት ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ከፍታ፣ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የሕዋ መመልከቻ ተሠርቷል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከምድር የተመራችበት ጣቢያም የተሠራው እዚያው ነው። ሜይ ጄሚሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ በልጅነቷ ያነሣሣቻት ያቺው የድራማዋ ኡሁራ እንደነበረች ራሷ ተናግራለች። በዓመቱ በ«ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን» አንድ ክፍል ላይ ተጋብዛ ተጫውታለች፤ የክፍሉም ርዕስ ሲተረጎም «ሁለተኛ ዕድሎች» ነው። ተረት አንዳንዴ እንዲህ ይሠራል።

እንግዲህ ጥላችሁት የነበራችሁ ወይም በወሬ ብቻ የምታውቁት ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አትጀምሩ፤ እሱን ኋላ ትመለሱበታላችሁ። ከሁለተኛው ምዕራፍ አራተኛውንና ስድስተኛውን ክፍል እዩ፤ በተፈጥሮው ፈሪ የነበረው ሳሩ ፍርሃቱ ከላዩ ሲወርድ፣ ሕዝቡም ስንት ዘመን በፍርሃቱ ሲገዛ እንደኖረ የሚያውቅባቸው ናቸው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ምዕራፍ እለፉ። ለዚህም ጊዜ ከሌላችሁ የሳሒልን ክፍል ብቻ፣ አንድ ምሽት ከዒሻእ በኋላ፣ ልጆቹን ሰብስባችሁ እዩት። መሃል ላይ ትል የመሰለ ትልቅ አውሬ ሰው ይውጣል፤ ትንንሾቹን ያን ጊዜ ቡና ቁርስ እንዲያመጡ ላኳቸው። ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ የከበዳችሁን ትልልቆቹ ልጆች ይተርጉሙላችሁ።